«ይፍረስ» እና «ይሰረዝ»፦ ከምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሽያጭ ታሪክ አንጻር

ርስት ገዝቶ ሻጩ እንዳታለለው በኋላ የተረዳ ሰው ምን ብሎ ይከሳል? «ውሉ ይፍረስልኝ» ይላል ወይስ «ውሉ ይሰረዝልኝ»? ጥያቄው የሕግ ባለሙያን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንዲት ግሥ ምርጫ ምክንያት አንድ ገበሬ ገንዘቡን ሊያስመልስ ወይም ሊያጣ ስለሚችል፣ ነገሩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁንና ተርጓሚውንም ይመለከታል።

ለዚህ ጉዳይ ምሥራቅ ጎጃም የተመቸ አገር ነው። ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ስም ጋር የተያያዘው የሞጣ ጊዮርጊስ ደብር የመሬት ሰነዶች የታሪክ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል፤ ሀብታሙ መንግሥቴ ተገኘም በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ በሰፊው ተጠቅሞባቸዋል። በዘመኑ ሽያጭ ልማድ የሻጭና የገዢ ስም፣ ዋጋውና ምስክሮቹ ይመዘገባሉ፤ ዋስም ይጠራል። እኛን የሚማርከን ይህ «ዋስ» ነው። የሻጭ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው አስቀድሞ ቆሟልና ነው። (በነገራችን ላይ «ሸጠ» ከግእዙ «ሤጠ» ጋር አንድ ሲሆን፣ «ገዛ» ግን መግዛትንም ማስተዳደርንም ይዞ መቅረቱ ልብ ሊባል ይገባል።)

በጎጃም ርስት በትውልድ የሚቆጠር የዘመዳሞች መብት መሆኑን አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ደጋ ዳሞት ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። ስለዚህ ሻጭ የሚያሳስተው በአፈሩ ልምላሜ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ በዘር ቆጠራው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ አዲስ የቃላት ሥርዓት አመጣ። አንድ የቢቸና ሰው በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ ጥማድ መሬት ገዛ እንበል። ሻጩ «ተካፋይ የለብኝም» ብሎታል። ከዘር በኋላ ግን የሻጩ የአጎት ልጅ «ድርሻዬ ነው» ብሎ ተነሣ። ገዢው «በተንኮል ተዋዋልሁ» ቢል፣ ቁጥር 1704 የማታለያ ድርጊት ይጠይቀዋል፤ ያ ድርጊት ባይኖር ኖሮ ውሉን የማይዋዋል መሆኑንም ማሳየት አለበት። ተራ ሐሰተኛ ቃል ብቻውን ውልን የሚያፈርሰው በቁጥር 1705 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን ሲኖር ነው፤ ምናልባት ገዢው የሻጩ የክርስትና ልጅ ቢሆን። ውሉ ከፈረሰ ወገኖቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ክሱ ግን የማፍረሻው ምክንያት ከቀረ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በሌላ በኩል ገዢው ውሉ በትክክል ተደርጓል ብሎ፣ ሻጩ ግዴታውን አልፈጸመም የሚል ከሆነ ቃሉ «መሰረዝ» ነው። «ይፍረስ» የሚል የውሉን መወለድ ይነቅፋል፤ «ይሰረዝ» የሚል አፈጻጸሙን።

ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ። «ተንኮል» የሚለውም ቃል ራሱ እንከን የለሽ አይደለም። በጎረቤት መካከል ተንኮል ክፋትንና ሤራን ሁሉ ያጠቃልላል፤ በሕጉ ግን ለስምምነት የሚያደርስ ማታለል ብቻ ነው። ስለዚህ ከማታለያ ድርጊት ያልደረሰውን የሻጭ ሐሰት «አሳሳች ቃል» ብለን ለይተን እንድንይዘው እናቀርባለን፤ «ሐሰተኛ መግለጫ» የጽሕፈት ቤት ወረቀትን ያስመስለዋልና።

የገጠር መሬት ሽያጭ ዘመን የተዘጋው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ሞጣና ቢቸና በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ለዐመፅ ተነሥተው ነበር፤ የመሬት ልኬትም ርስትን ያሳጣል የሚል ሥጋት በገበሬው ዘንድ ብርቱ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ።

ክርክሩ ግን ከነቃላቱ አልጠፋም። በስጦታ ወይም በኪራይ ስም የተሸፈነ ሽያጭ ዛሬም ይሰማል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ገዢው ተታለልሁ ቢልም ዋናው ነገር የውሉ ሕገ ወጥነት ይሆናል፤ በቁጥር 1808 መሠረት በማታለል የተነካውን ውል እንዲፈርስ የሚጠይቀው ተበዳዩ ብቻ ሲሆን፣ ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነውን ግን ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ ሊያነሣው ይችላል። በተለመደው የችሎት አነጋገር ሁለቱም «ውሉ ፈረሰ» ይባላሉ። ለሁለተኛው «ዋጋ አልባ ነው» የሚለው እንዲለመድ እንሻለን፤ በመዝገበ ቃላታችንም በተለየ መግቢያ ይግባ።