ከጓሮ እስከ ደጀ ሰላም፦ የካፋ እናቶች ድካም

በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ፣ በማንኪራ ጫካ ውስጥ አንድ ያረጀ የቡና ዛፍ አለ። ስሙ «እናት ቡና» ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ዛፉ ይመራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የቡናን መገኛ አየሁ ብሎ ይመለሳል። ዛፉ ክብር ይገባዋል። የካፋን ቤት ለዘመናት ያኖሩት እናቶች ግን ይህን ያህል ስማቸው ሲነሣ አይሰማም።

የካፋ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በነገሥታቱ ነው። የሚንጆ ሥርወ መንግሥት፣ «ታቶ» የሚባለው ንጉሥ፣ የቦንጋና የአንድራቻ ቤተ መንግሥት፣ ጠላት እንዳይገባ በዳር ድንበሩ የተቆፈረው ጉድጓድ። ከዚያም በ1890 ዓ.ም. መባቻ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማርኮ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ትረካው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል።

ኑሮው ግን አልቆመም። ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው የባሪያ ፈንጋዮች ዘመቻ አገሩን አራቆተው፤ ሰው ይኖርበት የነበረው ቦታ እንደገና ጫካ ዋጠው። የተረፈው ቤተሰብ በምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው በጓሮ ነው። እህል ከጎተራ ይዘረፋል። እንሰት ግን ዓመታትን ቆሞ ይጠብቃል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆጮ ደግሞ መቼ እንደተቀበረና ለስንት ቀን እንደሚበቃ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት።

ሥራው ከባድ ነው። እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መትከሉ በአብዛኛው የወንድ ድርሻ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው። እናት ግንዱን በየልባሱ ትገነጥልና ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድማ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። ውሃው ከእጇ እስከ ክርኗ ይወርዳል፣ ልብሷ ይበሰብሳል፣ ወገቧ ሳይቃና ቀኑ ይመሻል። ሥሩን ትፈጫለች። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር ነጩ ቡላ ይዘቅጣል። የተፋቀው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባና ለሳምንታት፣ ለወራትም ይብላላል። የሚተርፈው ቃጫ ገመድና ማሰሪያ ይሆናል። ከአንዱ ተክል የሚጣል ነገር የለም።

ይህች እናት ጎረቤቶቿን ትጠራለች እንጂ ብቻዋን አትፍቅም። ነገ ደግሞ የእነርሱ ተራ ነው።

ሃይማኖቷም ከዚህ ሥራ ተለይቶ አያውቅም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ክርስትና በካፋ የመንግሥት ሃይማኖት ሆኖ ነበር። በኋላ ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲላላ፣ ከኤቆ መንፈስ አምልኮ ጎን ለጎን መኖር ያዘ። ካፋዎች በመስከረም የሚያከብሩት የማሽቃሮ በዓል ስሙም ወቅቱም መስቀልን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ የቆዩት ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ አባ ማስያስ የሰበኩት ይህን ረጅም ታሪክ ባሳለፈ አገር ነው።

በዛሬዎቹ የኦርቶዶክስ ቤቶች እምነቱ የሚታየው በምድጃው ነው። ሰባቱ አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፤ እነዚህን ሁሉ ለልጅ፣ ለሽማግሌና ለእንግዳ አብቃቅታ የምታሻግረው እናት ናት። ቅቤውና ወተቱ ሲቀር ቆጮው ከጎመን ጋር ይቀርባል። ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር ተራ ሲደርሳት ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምራ ትደግሳለች። ሌሊቱን ስትጋግር አድራ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለቅዳሴ ትወጣለች። የጫካው ኮረሪማና ጥምዝ ወደ ቦንጋ ገበያ ወርዶ የሚያመጣው ብር ለዘይት፣ ለደብተር፣ ለጧፍ ይከፋፈላል።

የዚህ ድካም ዋጋ ለሁሉም እኩል አልተከፈለም። ከሰልና የማገዶ እንጨት ተሸክመው ገበያ የሚወርዱ የማንጆ ማኅበረሰብ እናቶች ለብዙ ዘመን ከሌላው ሰው ቤት እንዳይገቡ፣ ከአንድ ማዕድ እንዳይቆርሱ ተከልክለው ኖረዋል። የካፋን እናቶች ማስታወስ እነርሱንም ማስታወስ ነው።

ዘመኑ ሌላ ፈተናም አምጥቷል። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ የለዩት የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋ ጭምር ይተላለፋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ግድ ሆኗል። ሌላም ለውጥ አለ፦ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ የክልል ርዕሰ ከተማም ሆናለች። የልጅ ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው፣ የመፋቂያውን ቀርከሃ የሚይዘው እጅ እየሳሳ ነው።

ቆጮ መድረሱን የሚናገር መሣሪያ በቤቱ የለም። ለእረፍት የመጣችው የልጅ ልጅ ጉድጓዱን ስትከፍት አያትየዋ ጎንበስ ብላ ቆንጠር ታደርግና በጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። ከዚያም ለልጅቱ ትሰጣታለች። «ገና ነው» ትላለች ልጅቱ። አያትየዋ ቅጠሉን መልሳ ታለብሰዋለች።