«ያው ነው» የማይባልለት ምላጭ

መለዋወጫ የምንነግድ ሁሉ የምንፈራው ቃል አለ፦ «ያው ነው»። ከናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ የገዛነውን የመኪና ዕቃ በሞያሌ አሻግረን ሶማሌ ተራ ስናደርስ፣ «ሞዴሉ ያው ነው» የተባለው አልገጥም ይላል፤ ኪሳራው የእኛ ነው።

በቅርቡ አንድ አዛውንት ደንበኛችን «ልጆቼ፣ የአባቴ ሽጉጥ ምላጭ ተሰብሯል። ስሚዝ ነው፤ የትኛውም የስሚዝ ምላጭ ይሆናል፤ ያው ነው፤ አምጡልኝ» አሉን። አላመጣንም። ምክንያታችንን ለመረዳት የሽጉጡን ታሪክ ማወቅ ያሻል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚገኘው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» የተባለ ሪቮልቨር አወጣ። ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ክብ ክፍሉ የሚዞር ሽጉጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ተመርቷል። የ1915ቱንና የ1950ውን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አባትና ልጅ ይመስላሉ። ልዩነቱ ሆዳቸው ውስጥ ነው።

ምላጩ መዶሻውን ብቻ አይደለም የሚያንቀሳቅሰው። ጥይት ያለበትን ክብ የምታዞረው ትንሽ ጣት መሰል ብረት የተያያዘችው ከእሱ ጋር ነው። ልኩ ትንሽ ከተዛባ መዶሻው ሲመታ ጥይቱ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር ትክክል ላይቆም ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካው ሠራተኞች ክፍሎቹን በሞረድ እያስተካከሉ ያገጣጥሙ ነበር። የአንድ ዘመን ምላጭ እንኳ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲገባ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ሽጉጥ «ቪክቶሪ» ተብሎ፣ ከተራ ቁጥሩ ፊት «ቪ» ፊደል ተመትቶበት ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ወገን ጦር በብዛት ተላከ። በ1944 አንዱ በአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ወድቆ ተኮሰና አንድ መርከበኛ ገደለ። ሽጉጡ ሲወድቅ መዶሻው ጥይቱን እንዳይመታ የሚያግደው ክፍል አላገደውም ነበር። ፋብሪካው ክፍሉን ወዲያው ለወጠ፤ አዲሱ እንዲለይም ከ«ቪ» በፊት «ኤስ» ጨመረ። መልኩ ግን አልተለወጠም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948 አካባቢ፣ የመዶሻው ጉዞ እንዲያጥር ተደረገ። የድሮው ምላጭና መዶሻ ለአዲሱ አይሆንም፤ የአዲሱም ለድሮው አይሆንም። ስሙ ግን ያው «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» ነበር። ከ1957 ጀምሮ ፋብሪካው «ሞዴል 10» አለው። በኋላም ማሻሻያ ሲያደርግ 10-1፣ 10-2 እያለ ቁጥር አስከተለ። ቁጥሩ የሚነበበው ክቡ ክፍል ወደ ጎን ሲከፈት ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሽጉጥ ምላጭ የሚፈልግ ሰው ስሙን ሳይሆን ፊደሉንና ተራ ቁጥሩን ያነባል፤ ከ1948ቱ ለውጥ በፊት ይሁን በኋላ ይለያል፤ ከዚያም ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይሰጣል።

ደግሞም ሕግ አለ። ኢትዮጵያና ኬንያ በ2004 የፈረሙት የናይሮቢ ፕሮቶኮል መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫውንም ይቆጣጠራል። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። «ትንሽ ብረት ናት» ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ንግድንም ሰውንም ያሳጣል።

ለአዛውንቱ ይህን ሁሉ ነገርናቸው። «ታዲያ ለጌጥ ይቀመጣላ!» አሉ። «ጥይት ሳይኖርበት፣ ፈቃዱም ታድሶ ከሆነ ጥሩ ነው» አልናቸው። አንድ ደንበኛ ቅር ቢለን ይሻላል፤ ምክንያቱም የማይገጥም የክላች ዲስክ ይመለሳል፣ የማይገጥም ምላጭ ያጠፋው ሰው ግን አይመለስም።