የቢሮ ኔትወርክ ስዊች ስንገዛ ስለ ኃይልና ፍጥነት ምን ማወቅ አለብን?

በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮች፣ ስልኮች፣ የጥበቃ ካሜራዎችና የዋይፋይ ማሰራጫዎች የሚገናኙት ስዊች በሚባለው ዕቃ አማካኝነት ነው። ብዙዎቻችን ስዊች ስንገዛ የምንጠይቀው ስንት ፖርት እንዳለውና ዋጋውን ብቻ ነው። ነገር ግን ቀን ሲሠራ የዋለ ካሜራ ሌሊት ሲጠፋ፣ ወይም አዲስ ዕቃ ተገዝቶም ሥራው ሳይፈጥን ሲቀር፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ስዊቹ የሚሰጠው ዋትና የሚያስተላልፈው ፍጥነት። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

በኔትወርክ ኬብል የሚሄድ ኃይል

ፒኦኢ የሚል ምልክት ያለው ስዊች መረጃንና ኤሌክትሪክን በአንድ ኬብል ይልካል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ለሚሰቀል ካሜራ ለብቻው ሶኬት መዘርጋት አያስፈልግም። የታወቁት ደረጃዎች ሦስት ናቸው፦

• 802.3ኤኤፍ (2003)፦ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት። ለጠረጴዛ ስልክና ለቀላል ካሜራ ይበቃል።
• 802.3ኤቲ (2009)፦ እስከ 30 ዋት። ለአብዛኞቹ የዋይፋይ ማሰራጫዎችና ለሚዞሩ ካሜራዎች።
• 802.3ቢቲ (2018)፦ እስከ 60 ወይም 90 ዋት። ብዙ ኃይል ለሚፈልጉ ዕቃዎች።

ከዚህ ላይ ጥቂቱ በኬብሉ ውስጥ ይባክናል። ከ15.4 ዋት ለዕቃው እንደሚደርስ የሚረጋገጠው 12.95፣ ከ30 ዋት ደግሞ 25.5 ነው።

ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት በሌላው ጫፍ ያለው ዕቃ ኃይል የሚቀበል መሆኑን ይፈትሻል። ስለዚህ ተራ ኮምፒውተር ቢሰካበት አይጎዳም። ሳይፈትሹ 24 ቮልት በቀጥታ የሚለቁ ርካሽ ዕቃዎች ግን አሉ፤ እነዚህ የማይስማማቸውን ዕቃ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ጠቅላላውን ዋት እንደምር

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። 24 ፖርት ያለው ስዊች በእያንዳንዱ ፖርት 30 ዋት መስጠት ይችላል ማለት በ24ቱም በአንድ ጊዜ ይሰጣል ማለት አይደለም። ያ ቢሆን 720 ዋት ያስፈልግ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በጠቅላላ የሚሰጡት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 8 ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 12 ዋት፣ 4 ዋይፋይ ማሰራጫዎች 20 ዋት፣ 10 ስልኮች 6 ዋት ቢፈልጉ፣ 96፣ 80 እና 60 ተደምሮ 236 ዋት ይሆናል። ለመጠባበቂያ ሩቡን ስንጨምርበት 295 ዋት ይመጣል። ስለዚህ በጠቅላላ 195 ዋት የሚሰጥ ስዊች አይበቃም፤ 370 ዋት የሚሰጠው ይበቃል።

ስሌቱ የሚሠራው በከፍተኛው ፍጆታ ነው። ካሜራዎች ሲመሽ የጨለማ መብራታቸውን ስለሚያበሩ ፍጆታቸው ይጨምራል። ድምሩ ከአቅም ሲያልፍ ስዊቹ አንዳንድ ፖርቶችን ያጠፋል፤ ጥበቃው የሚጓደለውም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይሆናል። ቅንብሩ የሚፈቅድ ስዊች ከሆነ ለካሜራዎቹ ፖርቶች ቅድሚያ መስጠት ይገባል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ስዊቹን በዩፒኤስ ማገናኘት ስልኩንም፣ ካሜራውንም፣ ዋይፋዩንም በአንድነት ያቆያል። የዩፒኤሱ አቅም ሲመረጥ ስዊቹ ራሱ የሚጠቀመው ብቻ ሳይሆን ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለውም ዋት መደመር አለበት።

ስለ ፍጥነት

የስዊች ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው፤ የፋይል መጠን ደግሞ በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 100 ሜጋቢት የሆነ ፖርት በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያሳልፋል። 1000 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በዚህ ፖርት ቢያንስ 80 ሰከንድ ሲፈጅ፣ በ1 ጊጋቢት ፖርት ወደ 8 ሰከንድ ይወርዳል። ይህ ግን በቢሮው ውስጥ ላለው ዝውውር ነው። የኢንተርኔት መስመራችን 50 ሜጋቢት ከሆነ፣ ስዊች መቀየር ኢንተርኔቱን ከዚያ በላይ አያፈጥነውም።

ፍጥነት የሚወሰነው በመስመሩ ላይ ባለው ደካማ ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ በጠረጴዛ ስልክ በኩል ከተገናኘና ስልኩ 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ፣ ስዊቹ ጊጋቢት ቢሆንም ኮምፒውተሩ ከ100 አያልፍም። ሁለት ፎቆችን የሚያገናኘው መስመርም የሁሉንም ሰው ሥራ ስለሚሸከም፣ 10 ጊጋቢት የሚቀበል ኤስኤፍፒ ፕላስ ማስገቢያ ያለው ስዊች ይመረጣል።

ኬብሉን አንርሳ

እስከ 100 ሜትር ድረስ ካት 5ኢ ለ1 ጊጋቢት፣ ካት 6ኤ ለ10 ጊጋቢት ይሆናል። ከ100 ሜትር በላይ ወይም ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ከሆነ ፋይበር ይሻላል፤ የመብረቅ ጉዳትንም ይቀንሳል። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ ስለማይሸከም በዚያኛው ጫፍ ሌላ የኃይል ምንጭ ያስፈልጋል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ኬብል ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ኃይል ስለሚያባክንና ስለሚሞቅ ለፒኦኢ አይመከርም።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት የዕቃዎቹን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ከፍተኛ ዋትና የኬብሉን ርዝመት በወረቀት ጽፈን እንያዝ። ሻጩንም «ስንት ፖርት አለው?» ብቻ ሳይሆን «በጠቅላላ ስንት ዋት ይሰጣል?» ብለን እንጠይቅ።