የአፍደም ከሰልና የላቯዚዬ ሚዛን

የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠንን ብዙዎቻችን የተማርነው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነው። በቀስቱ ግራና ቀኝ ያሉትን አተሞች እንቆጥራለን፤ ካልገጠመ 2 ወይም 3 እንለጥፍበታለን፤ ከገጠመ ነገሩ አለቀ። ሰው ይህን መቁጠር ለምን እንደጀመረ ግን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን።

ነገሩ የመጣው ከሚዛን ነው። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስኳር ፈልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን የገባው ከወጣው ጋር እኩል መሆኑን በሚዛን አሳየ። (ጠጅ ጣዮቻችን ፍላቱን ከሱ በፊት ያውቁታል፤ የሚወጣውን አየር ግን አልመዘኑትም።) ሰውየው የንጉሡ ግብር ሰብሳቢ ማኅበር አባል ነበርና መተሳሰብ ልማዱ ነው። በዚሁ አባልነቱም በ1794 አንገቱ ተቀላ።

እስቲ ይህን ሚዛን ይዘን አፍደም እንውረድ። አፍደም በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ያለች የባቡር ከተማ ናት። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ የአፍደም ሐዲድ የተነጠፈው በነዚህ ዓመታት መካከል ነው። መጓጓዣ ሲመጣ የቆላ ግራር ገበያ ያገኛል። እንጨቱ ይከብዳል፣ ሩቅ አይሄድም፤ ከሰል ሲሆን ግን በኪሎ እጥፍ ያህል ሙቀት ይዞ ከተማ ይገባል።

የእንጨት ዋናው አካል ሴሉሎስ ነው። አንዱ ክፍሉ 6 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 5 ኦክሲጅን አለው። አየር ነፍገን ብናግለው በጥቁር ሰሌዳ ላይ 6 ካርቦንና 5 ውሃ ይሆናል። ልክ ነው፣ ይመጣጠናል! ከ100 ኪሎ ሴሉሎስ 44 ኪሎ ካርቦን ይወጣል ማለት ነው። ከሰል አክሳዩ ግን አፈር ካለበሰው ክምር የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ታዲያ የቀረው የት ገባ? ከፊሉ አየር ሾልኮ ገብቶ እዚያው ነደደ። ከፊሉ በጭስ ሄደ፦ ውሃ፣ ቅጥራን፣ አሴቲክ አሲድ፣ ሜታኖል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። በቃል የምንሸመድደው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግማሹ ከዚያ ክምር አናት ላይ ይተናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋብሪካዎች ይህንኑ ጭስ በብረት ጋን ይዘው፣ አቀዝቅዘው ይሸጡት ነበር፤ ሜታኖል «የእንጨት አልኮል» የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የኛው አክሳይ ግን ከጭሱ የሚደርሰው ሳል ነው።

ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር ከሰል ሲያከስል «ደን ጨፍጫፊ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ስድቡ ግን ከቀስቱ ግራ ያለውን ግራር ብቻ የቆጠረ ሂሳብ ነው። ግራሩ ለፍየሉ ፍሬ፣ ለሰውየው ጥላ እንደነበረ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ አክሳዩ ነው። በሴኔጋል ካዛማንስ የሚባለው ክምር የብረት ጭስ መውጫ ተገጥሞለት አየሩን ስለሚቆጣጠር ከተራው ክምር የተሻለ ከሰል ይሰጣል። ከ100 ኪሎ 15 ይገኝ የነበረው 30 ቢደርስ ለአንድ ጆንያ የሚቆረጠው ግራር በግማሽ ይቀንሳል።