የተዝካር ሥርዓትና የተከለከለ ሐዘን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሐዘን ለሟቹ ቤተሰብ ብቻ የሚተው ሸክም ሳይሆን ምእመናን በጋራ የሚወጡት ግዴታ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ግንዘት መሠረት ፍትሐት፣ ማለትም ለሟች የኃጢአት ስርየት የሚለመንበት ጸሎት፣ ከደረሰ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን መታሰቢያ ይደረጋል። ተዝካር የሚባለው ይህ መታሰቢያ ለሟች ነፍስ የታሰበ ቢሆንም፣ ለቋሚውም እንባውን የሚያፈስበትንና ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው የሚመለስበትን ጊዜ ወስኖ ሰጥቷል፤ ድግሱ ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ መክተቱ ግን አይካድም።

የሥርዓቱ ዋጋ ይበልጥ የታየው በተከለከለበት ዘመን ነው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ገድሎ በጅምላ ሲቀብር፣ በቀይ ሽብርም ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች እንዳያለቅሱ ሲከለከሉ፣ ቤተሰቡ አስከሬንም፣ ፍትሐትም፣ ለቅሶ ደራሽም አጣ፤ ያልወጣው ሐዘን ለዓመታት በየቤቱ ተዳፍኖ ቆየ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የብዙዎች ዐፅም ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ሲቀበር፣ የፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ፣ ቤተሰብ የተነፈገውን ለቅሶ በአደባባይ ለማልቀስ በቃ። ይህ ለቅሶ ሐዘኑን አቀለለ እንጂ ፍትሕን አልተካም፤ በደርግ መሪዎች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው።