ከአራዳ እስከ ደብረ ገነት፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሙዚቃ ሕይወት

መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ነው። ይሁን እንጂ እኚሁ መነኩሲት በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በሃርሞኒየምና በታላቁ የቧንቧ ኦርጋን የተጫወቷቸውን ሥራዎች በ1972 እ.ኤ.አ. በሸክላ አሳትመው እንደነበረ እምብዛም ሲወሳ አይሰማም። ኦርጋን በቅዳሴዋም ሆነ በማኅሌቷ ቦታ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆኑ መነኩሲት ከዚህ መሣሪያ ፊት እንዴት ሊቀመጡ ቻሉ? የጥያቄው መልስ ከአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ አልፎ፣ የባዕድ መሣሪያ ከአገር ልጅ ልኬት ጋር በምን ሁኔታ እንደሚገናኝና ተሰጥዎ ያለ ተቋም ድጋፍ ምን ያህል እንደሚጓዝ የሚያስረዳ ነው።

ኦርጋን በአሠራሩ ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ እንግዳ የሆነ መሣሪያ አይደለም። አየር የሚገፋው ክፍል የባለ እጁ ወናፍ ዘመድ ሲሆን፣ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ደግሞ የዋሽንትና የእምቢልታ ዘመድ ነው። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ብቻ በተራ እያሰሙ አንዱን ዜማ በኅብረት እንደሚፈጽሙት ሁሉ፣ በኦርጋንም እያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለው ቫልቭ ይከፈትና የታመቀው ነፋስ ይገባል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በዋናነት የሚወስነው የቧንቧው ርዝመት ነው፤ 2.4 ሜትር ያህል የሚረዝም ክፍት ቧንቧ ከ1.2 ሜትሩ ቧንቧ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

መሣሪያውን በመጀመሪያ እንደ ሠራ የሚነገርለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው መሐንዲስ ክቴሲቢዮስ ሲሆን፣ የነፋሱን ግፊት እኩል ለማድረግ የተጠቀመው በውኃ ክብደት ነበር። ኢትዮጵያ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘችበት ጊዜ ድረስ ጳጳሳት ሲመጡላት የኖሩት ከዚሁ ከእስክንድርያ መንበር ነው። ጳጳሳቱ መጡ፤ ኦርጋኑ ግን አብሯቸው አልመጣም። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አፄ ልብነ ድንግል የተላከው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ፣ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ መዘገበው፣ ከስጦታዎቹ መካከል ኦርጋን፣ ከሰዎቹም መካከል የኦርጋን ተጫዋች ይዞ ነበር። ያም ቢሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሳይገባ ቀረ። ምክንያቱም ቦታው ባዶ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተደራጅቶ፣ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ታጅቦ፣ በዜማ ቤት በየትውልዱ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ሙሉ ሥርዓት ነበረና ነው።

በምዕራብ ኤውሮጳ የነበረው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ኦርጋኒስትነት ደመወዝና ማዕረግ ያለው፣ ትምህርት ቤት የቆመለት ሙያ ነው። ለዚህም ፈረንሳዊው ሉዊ ቪየርን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቪየርን ከልደቱ ጀምሮ ዓይኑ እምብዛም የማያይ ሲሆን፣ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ተምሮ በ1900 እ.ኤ.አ. በውድድር የኖትር ዳም ካቴድራል ኦርጋኒስት ለመሆን በቃ። ግንቦት 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (1937 እ.ኤ.አ.) በዚያው ኦርጋን ፊት ተቀምጦ ለሕዝብ በመጫወት ላይ እንዳለ ሕይወቱ እስካለፈችበት ሰዓት ድረስ ሥራውን አልለቀቀም። የዓይኑን ጉድለት የሙያው ተቋም ደግፎለት ነበር። በዚያው ዓመት የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ኢትዮጵያዊት ልጅ በኢጣሊያ ደሴት እስረኛ ነበሩ።

የውብዳር ገብሩ የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ከሚስዮናውያን ዘንድ ተምረው ወደ ኤውሮጳ የተሻገሩት፣ በኋላም የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ። የከተማይቱ እምብርት ያን ጊዜ አራዳ ነበር። የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያው፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች፣ የመኳንንቱም ግቢዎች በአካባቢው ተሰባስበው ይገኙ ነበር። በዚሁ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነሙዚቃ መሣሪያቸው አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ለዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ዜማ አውጥቶ ብሔራዊውን መዝሙር ለአገሪቱ አበረከተ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የሀገር ፍቅር ማኅበር በፒያሳ ተመሠረተ።

ከነፃነት በኋላ ደግሞ ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የወሰደው ውቤ በረሃ የከተማው የሌሊት መዝናኛ ሆኖ ገነነ። እንግዲህ በአራዳ ለሙዚቀኛ የተከፈቱት በሮች ሦስት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ የሠራዊቱ ባንድ፣ የቴአትሩ መድረክና የሌሊቱ መጠጥ ቤት። የመጀመሪያው የወንዶች ነበር፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለከንቲባ ልጅ እንደ ነውር የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአራዳ ሰማይ ሥር የተወለደችው ባለ ተሰጥዎ ሴት ልጅ በአራዳ የሙዚቃ ሕይወት ውስጥ የሚገባት ወንበር አልተዘጋጀላትም ነበር።

የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩትም በዚያ ነው። ስንዱ ገብሩ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተርና የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል። የውብዳር በ1933 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲማሩ ሳለ የፋሺስት ወረራ ደረሰ። ሦስት የቤተ ሰባቸው አባላት በጠላት እጅ ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. እሳቸውና ቤተ ሰባቸው በሰርዴኛ አጠገብ ወዳለችው አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም በናፖሊ አቅራቢያ ወደሚገኘው መርኮልያኖ ተጋዙ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በቫዮሊንና በፒያኖ ይለማመዱ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ነሣቸው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ የክብር ዘበኛ ባንድ ኃላፊነት የተሰጠው ኮንቶሮቪችም አብሮ መጣ። ለመምህሩ በከተማው ሥራ ተገኘለት፤ ለተማሪዋ የተገኘው ግን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። ቀጥሎም በለንደን የንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ቢያገኙም የመሄጃው ፈቃድ ተነፈጋቸው። ኀዘናቸው ከመጠን ያለፈ ስለ ነበረ ለ12 ቀናት እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ከሞት አፋፍ ደረሱ፤ ቅዱስ ቁርባንም ተቀበሉ። ከዚያ ሲነሡ ልባቸው ከሙዚቃ ወደ ጸሎት ዞሮ ነበር።

በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሄደው መነኰሱ፤ ጽጌ ማርያምም ተባሉ። በዚያ በመስቀለኛው አምባ ላይ ጫማ ሳይጫሙ፣ በጭቃ ጎጆ፣ ከፒያኖ ርቀው ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ጎንደር በተቀመጡ ጊዜ ሙዚቃን እንደገና የሚያስነሣ ምክንያት አገኙ። የቆሎ ተማሪዎች ቀን ምግባቸውን ሲለምኑ፣ ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሲያድሩ ተመለከቱ። ከፒያኖ በቀር ሀብት ያልነበራቸው መነኩሲት ድርሰቶቻቸውን በጀርመን በሸክላ አስቀርጸው ገቢው ለችግረኞችና ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲውል አደረጉ። ከነዚህ ድርሰቶች የታወቀው አንዱ ስለ ቤት አልባ ተንከራታች የተደረሰው መሆኑም ከዚህ ዓላማ ጋር ይስማማል።

በኢየሩሳሌም የተቀረጸው የኦርጋን ሥራቸው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፒያኖ በመዶሻ የሚመታ አውታር ስለሆነ ድምፁ ከተሰማበት ቅጽበት ጀምሮ መድከም ይጀምራል። በኦርጋን ግን ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ነፋሱ አይቋረጥም፤ ድምፁም አይወርድም። ይህ ጠባዩ ረጅም እስትንፋስ ለሚጠይቀው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተመቸ ነው። የኦርጋን ችግሩ ሌላ ነው። ድምፃውያንና ማሲንቆ የድምፁን ርቀት እንደ ቅኝቱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲችሉ፣ የኦርጋን ቧንቧ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ተጫዋቹ ልኬቱን ሊለውጠው አይችልም። እማሆይ ይህን ገደብ ያለፉት መሣሪያውን በመለወጥ ሳይሆን ጊዜውን በመለወጥ ነው። ምቱን በእኩል ቆጠራ ሳያስሩ፣ አንዱን ድምፅ በትናንሽ ድምፆች እያጀቡ፣ ዜማው እንደ ንባብ እንዲፈስ አደረጉ። ይህንንም ያደረጉት ኦርጋንን በያሬድ ማኅሌት ቦታ ለመተካት አልነበረም፤ ማኅሌቱን ለባለቤቶቹ ትተው ከጎኑ ሌላ የጸሎት መንገድ አበጁ። ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ በስጦታ መጥቶ ቦታ ያጣው መሣሪያ፣ የሚያስፈልገው የአገሩን ዜማ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ በዚህ ይታያል።

በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በእናታቸው ቤት ተቀምጠው ከ1977 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ በአማርኛ እየዘመሩ በካሴት የቀረጿቸው መዝሙሮች ለሕዝብ የቀረቡት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ከእናታቸው ሞት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በደብረ ገነት ገዳም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ቀሪ ዘመናቸውን አሳለፉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትም 21ኛው ቅጽ ለሥራዎቻቸው በመዋሉ ስማቸው በዓለም ተሰማ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙዚቀኛዋ ማያ ዱኒየትስ የድርሰቶቻቸውን ኖታ አሰባስባ በመጽሐፍ እንዲታተም አደረገች።

የቪየርንና የእማሆይ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ በተሰጥዎ መጠን ላይ አይደለም። ለአንደኛው ትምህርት ቤቱ፣ ውድድሩና ወንበሩ አስቀድመው ተሰናድተው ነበር፤ ሁለተኛዋ ግን በአንድ የፈቃድ ወረቀት ምክንያት ከመንገዳቸው ተመልሰዋል። ፈቃዱን የነፈገው ሹም ስም ዛሬ አይነሣም፤ የእሳቸው ድርሰት ግን በኖታ ስለ ተጻፈ ማንም የሠለጠነ ተጫዋች አንብቦ ሊጫወተው ይችላል። ቀረጻዎቹና ወረቀቶቹ ለዛሬ የደረሱት በአብዛኛው በገዳም ክፍልና በቤተ ሰብ ጓዳ ተጠብቀው ስለ ቆዩ ነው። የአንድ ሙያ ማኅበር ከሚቆምባቸው ምክንያቶች አንዱም፣ ለተሰጥዎ ባለቤት ወንበሩን በጊዜው ማሰናዳትና የሥራውን መዝገብ ከአጋጣሚ ማዳን ነው።