ለግራኝ ተኳሽ የሚስማማ፣ ዋጋው የማይከብድ የአደን ጠመንጃ አመራረጥ

ከሰው ልጅ ከመቶ አሥር ያህሉ ግራኝ ነው። የጠመንጃ ፋብሪካዎች ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት በቀኝ እጁ ከሚሠራው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ግራኝ አዳኝ ጠመንጃ ሊገዛ ሲነሣ ምርጫው ያንስበታል፤ አንዳንዴም ዋጋው ይጨምርበታል። ይህ ጽሑፍ ግራኝ ተኳሽ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ የአደን ጠመንጃ በመጠነኛ ገንዘብ ሲገዛ ምን ምን ማየት እንዳለበት ያስረዳል። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት እንዲህ ያለው ጠመንጃ በብዛት ከሚሸጥበትና አጋዘን ማደን ከተለመደበት ከአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም ሌላ ዘመድ ያላቸው አድማጮች ጥቂት አይደሉም።

ጠመንጃው እንዴት ይሠራል

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ያደጉ አባቶች ይህን ዓይነት ጠመንጃ አሳምረው ያውቁታል። ቤልጅግም ምንሽርም ከዚሁ ወገን ናቸው። ተኳሹ የመቀርቀሪያውን እጀታ ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋው አዲስ ጥይት ይጎርሳል፤ ሲዘጋው ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1948 ከቼኮዝሎቫኪያ ያስመጣቻቸው ጠመንጃዎች አሠራራቸው ይኸው ነበር። የዛሬዎቹ የአደን ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር በ1898 ካጠናቀቀው ሥሪት ብዙ ተምረዋል።

በእነዚህ ጠመንጃዎች ሁሉ ላይ እጀታውም ቀለሁ የሚወጣበት ቀዳዳም በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ እጁ ምላጭ የሚስበው ሰው ያንኑ እጁን ጥቂት አንቀሳቅሶ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፤ ግራ እጁ ጠመንጃውን ከፊት እንደደገፈ ይቆያል።

ግራኙን የሚያስቸግረው ምንድን ነው

የመጀመሪያው ችግር እጅ ነው። ግራኙ ሰደፉን በግራ ትከሻው ላይ አድርጎ በግራ እጁ ምላጩን ይስባል። ሁለተኛ ጥይት ለማጉረስ ግን ግራ እጁን በጠመንጃው ላይ አሻግሮ ቀኝ ጎኑ ላይ ያለውን እጀታ መያዝ አለበት። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱ ከሰደፉ ይነሣል፤ አውሬው ከዓይኑ ይጠፋል። የቆሰለ እንስሳ ቶሎ ካልተደገመ ሸሽቶ በጫካ ውስጥ ሲሠቃይ ሊሞት ይችላል። ለአዳኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር ፊት ነው። ግራኝ ተኳሽ የግራ ጉንጩን የሚያስደግፈው በሰደፉ ቀኝ ጎን ላይ ነው። ቀለሁ የሚወጣበት ቀዳዳም ያለው በዚሁ ጎን ነው። ቀለህ አልፎ አልፎ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትኩስ ጋዝና ስብርባሪ በቀዳዳው በኩል ቢወጣ ለግራኙ ፊት ቅርብ ነው። ስለዚህ በቀኝ ጠመንጃ የሚተኩስ ግራኝ የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ መተኮስ የለበትም።

ሦስተኛው የሰደፉ ቅርጽና የጥንቃቄ ቁልፉ ነው። አንዳንድ ሰደፍ ለቀኝ ተኳሽ ጉንጭ ብቻ ተብሎ በግራ ጎኑ እብጠት ይደረግለታል። በዕብራይስጥ «ኒጽራ» የሚባለው የጥንቃቄ ቁልፍም በብዙ ጠመንጃ ላይ በቀኝ በኩል ነው፤ የግራ አውራ ጣት በቀላሉ አይደርስበትም።

ከእጅ በፊት ዓይን

ብዙ ሰው ጠመንጃ ሲመርጥ የሚጠይቀው «በየትኛው እጅህ ትጽፋለህ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን የትኛው ዓይን እንደሚመራ ነው። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ በዒላማ ላይ ይበረታል፤ የሚበረታው ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ከሚበረታው እጅ ጋር በአንድ ወገን አይሆንም።

ማወቂያው ቀላል ነው። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ መስኮት መሥራት፣ በመስኮቱም ውስጥ ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማየት ነው። ከዚያ አንዱን ዓይን ቀጥሎም ሌላውን መጨፈን ይገባል። የበሩ እጀታ ከመስኮቱ ሳይወጣ የሚታየው በሚመራው ዓይን ነው።

በአገር ቤት ብዙ ግራኝ ልጅ በግራው እንዳይበላና እንዳይጽፍ እየተቆጡት በቀኝ እንዲሠራ ተደርጎ አድጓል። እንዲህ ያለ ሰው በቀኙ ቢጽፍም ግራ ዓይኑ የሚመራው ሊሆን ይችላል። እድሜው ከገፋ በኋላ ቀኝ ዓይኑ በሞራ የተጋረደበት ወይም የደከመበት ሰውም ወደ ግራ ትከሻ ለመዞር ይገደዳል። ለእነዚህ ሰዎች የግራ ጠመንጃ ጉዳይ የተፈጥሮ ግራኞች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለው ሰው

በዕብራይስጥ «ኮጼቭ ሌቭ» የሚባለው የልብ ምት መቆጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበረው በግራ በኩል፣ ከትከሻ አጥንት በታች በደረት ቆዳ ሥር ነው። ግራኝ ተኳሽ ሰደፉን የሚያሳርፈው እዚያው አካባቢ ነው። የጠመንጃው ግፊት መሣሪያውን ወይም ወደ ልብ የሚሄዱትን ሽቦዎች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ያለው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ በዚያ ትከሻ መተኮስ የለበትም። መሣሪያው ገና የሚቀበርለት ግራኝ አዳኝም ልማዱን ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግር ቦታው በሌላው ጎን ሊታሰብለት ይችላል።

ሦስት መንገዶች

አንደኛው የተሟላ የግራ ጠመንጃ መግዛት ነው። እጀታውም ቀዳዳውም በግራ በኩል ይሆናል፤ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ የቀኙ ጠመንጃ ግልባጭ ማለት ነው። ፋብሪካው እጀታውን ብቻ አዙሮ አይጨርስም፤ ዋናውን የብረት አካልና መቀርቀሪያውን ለብቻ መሥራት ይኖርበታል። ገዢው ጥቂት ስለሆነም ምርጫው ይጠባል፣ ዋጋውም አንዳንዴ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው የቀኝ ጠመንጃ ገዝቶ መልመድ ነው። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ተቀምጦ የሚተኮስ ከሆነ ግራ እጅ ምላጩን ሳይለቅ ቀኝ እጅ መቀርቀሪያውን ሊሠራ ይችላል። ከማማ ላይ ወይም ከተደገፈ ቦታ ብቻ የሚያድን ሰው በዚህ ሊረካ ይችላል። ቆሞ ወይም እየተጓዘ የሚያድን ግን ይቸገራል።

ሦስተኛው ግራና ቀኝ የሌለውን ጠመንጃ መምረጥ ነው። ከመካከሉ ተሰብሮ የሚጎርሰው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። ጉድለቱ ሁለተኛ ጥይት ቶሎ አለመገኘቱ ነው። ከምላጩ ሥር ባለው ዘንግ የሚያጎርሰው ጠመንጃም ለግራኝ ይመቻል፤ ዋጋው ግን ሁልጊዜ ዝቅተኛ አይደለም።

በገበያ ላይ የሚገኙ

በአሜሪካ ሳቬጅ የተባለው ፋብሪካ «110» የተባለውን ጠመንጃ በ1958 ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ የግራውን ዓይነት ጨመረ፤ ተራው አዳኝ በሚችለው ዋጋ የግራ ጠመንጃ ካቀረቡት ቀዳሚ ፋብሪካዎች አንዱም ሆነ። ያው ፋብሪካ «አክሲስ» የሚባል የበለጠ ርካሽ ጠመንጃ ይሠራል፤ እሱም የግራ ዓይነት አለው። «ሩገር አሜሪካን» የተባለውም እንዲሁ በግራ ይሠራል። የእነዚህ የሦስቱም የጥንቃቄ ቁልፍ ከመቀርቀሪያው በስተ ኋላ፣ በመሐል ላይ ስለሆነ ለሁለቱም አውራ ጣት እኩል ይደርሳል። አክሲስና ሩገር አሜሪካን በጥቂት መቶ ዶላር ከሚገዙት ወገን ናቸው። ሰደፋቸው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ውበት የላቸውም፤ ጥይቱን ግን በደንብ ያደርሳሉ።

ከፍ ያለ ገንዘብ ላለው የፊንላንዱ ቲካና የአሜሪካው ብራውኒንግ የግራ ጠመንጃ ይሠራሉ። መቀርቀሪያቸው ለስላሳ ነው፤ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ልዩነት ይሰማዋል።

ያገለገለ የግራ ጠመንጃ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አይገኝም። መልሶ ለመሸጥም ገዢው ጥቂት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

የጥይቱ ዓይነት

በርካሹ የግራ ጠመንጃ ላይ የሚቀርበው የጥይት ምርጫ ከቀኙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚፈልገውን ጥይት ወስኖ በዚያ ጥይት የግራ ጠመንጃ መኖሩን ይጠይቅ። ለአጋዘን አደን የተለመዱት እነዚህ ናቸው።

243 ዊንቸስተር፦ በ1955 የወጣ፣ ግፊቱ ቀላል የሆነ፣ ትከሻው ለደከመ ሰው የሚመች ነው።

6.5 ክሪድሙር፦ በ2007 የወጣ፣ ግፊቱ መካከለኛ፣ ለረጅም ርቀት የታሰበ ነው።

308 ዊንቸስተር፦ በ1952 የወጣ፣ በብዙ ሱቅ የሚገኝ፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው።

30-06፦ በ1906 የወጣ የቆየ ጥይት ነው፤ ለትላልቅ እንስሳት ይበቃል፤ በቀላል ጠመንጃ ላይ ግን ይገፋል።

ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። ለመሸከም ቀላል ነው ተብሎ የተገዛ ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ ሊያሳምም፣ ተኳሹንም ሊያስደነግጥ ይችላል። የሚፈራው ጠመንጃ ያለው ሰው ደግሞ ዒላማውን ይስታል።

ወጪው ጠመንጃው ብቻ አይደለም

በዋጋው ላይ ማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ መነጽሩ የሚታሰርበት ብረት፣ ማንገቻው፣ ጆሮ መድፈኛው፣ ለልምምድ የሚያስፈልገው ጥይትና የተቆለፈ ማስቀመጫ ይጨመራሉ። ማነጣጠሪያ መነጽር ግራና ቀኝ ስለሌለው ለግራኝ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ገንዘቡ ሁሉ በጠመንጃው ላይ አልቆ ለልምምድ ጥይት የማይተርፍ ከሆነ ርካሹን ጠመንጃ ገዝቶ በደንብ መለማመድ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ማንኛውም ጠመንጃ ሲነሣ መጀመሪያ መቀርቀሪያው ተከፍቶ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ አፈሙዙም ወደ ሰው አይዞርም። ሻጩ ባዶ ነው ቢልም ገዢው ራሱ ማየት አለበት።

ከዚያ ዓይን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻ ማንሣትና ዓይንን መክፈት ነው። አንገት ሳይዘረጋ ወይም ሳይጎብጥ ዓይኑ ከማነጣጠሪያው ጋር ቀጥ ብሎ ከተገናኘ የሰደፉ ርዝመት ልክ ነው።

ቀጥሎ ጉንጭን ከሰደፉ ሳያነሡ መቀርቀሪያውን ሦስት አራት ጊዜ መክፈትና መዝጋት ይገባል። በመጨረሻም የጥንቃቄ ቁልፉ በአውራ ጣት መድረሱን፣ ጓንት ተደርጎም መሥራቱን ማየት ነው። ከእነዚህ አንዱ ካስቸገረ በርካሽነቱ ተታልሎ መግዛት አያዋጣም።

ሕጉ

በአሜሪካ ከነጋዴ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ቅጽ ይሞላል፣ ማንነቱም ይጣራል። በፌዴራል ሕግ ከነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት ቢያንስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው። የአደን ፈቃድም ለብቻ ይወጣል። ለጉብኝት የሄደ ሰው እንደ ነዋሪው መግዛት አይችልም። ዘመድ በጎብኚው ገንዘብ፣ ለጎብኚው ብሎ፣ ለራሴ ነው ብሎ መፈረሙ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ይህን እንደ ቀላል ውለታ የሚያይ ሰው ዘመዱን ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

በእስራኤል ጠመንጃ መያዝ በ1949 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ፣ አደን ደግሞ በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ይገዛል። «ሪሽዮን ኔሼቅ» ያለው ሰው ሁሉ ማደን ይችላል ማለት አይደለም፤ ለአደን የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባጭሩ

የምርጫው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ዓይንና ጤና፣ ቀጥሎ እጅና የጥንቃቄ ቁልፍ፣ ከዚያ ጥይቱ፣ በመጨረሻም ዋጋው ነው። ግራ ዓይኑ የሚመራ፣ ቆሞ የሚያድን ሰው ርካሽ ቢሆንም የተሟላ የግራ ጠመንጃ ቢገዛ ይበጀዋል። ከድጋፍ ላይ ብቻ የሚተኩስ ሰው በእጁ ያለውን የቀኝ ጠመንጃ ለምዶ ገንዘቡን ለጥይትና ለመነጽር ሊያውለው ይችላል። የልብ መሣሪያ ያለው ግን ከሱቁ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።